የኔ የሚል ዲስክ

በሆስፒታሉ የዓይን ሕሙማን ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ፣ እናትየው የልጃቸውን ሰርግ ሊያዩ ትራስ ደራርበው ተደግፈዋል። ሙሽራዋ ከጎረቤት የተዋሰችውን ባለ ስክሪን ማጫወቻ ጭናቸው ላይ አስቀምጣ ዲስኩን ከተተችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ። ከዚያ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ብቅ አለና፣ "ጫጩቶች ከእንቁላል እንደወጡ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ሙቀት ነው" አለ።

እናትየው አንገታቸውን አስግገው አዩ። የቀኝ ዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ቆይቷል፤ የሚያዩት በግራው ነው፣ እሱም በጭጋግ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው እየተደናበረ።

"ይሄ ከባልሽ ወገን ነው?"

"አይደለም እማዬ። ቆይ ላሳልፈው።"

አሳለፈችው። ጫጩቶቹ አደጉ። ሰፊ አዳራሽ ሙሉ ነጫጭ ዶሮ ጥሬ ይለቅማል።

"ሕዝቡስ ብዙ ነበር" አሉ እናትየው። "ግን አንቺ የትኛዋ ነሽ? ሁሉም ነጭ ለብሷል እኮ።"

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ዓይናቸው የታሸገው ሕሙማን እንኳ፣ የጎናቸው ሰው ሲያስረዳቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያልሳቀችው ሙሽራዋ ብቻ ናት። ከፎቶ ቤት የመጡት አምስት ዲስኮች ናቸው፤ አምስቱንም በየተራ ሞከረቻቸው። አምስቱም ዶሮ ናቸው።

ነገሩ ለሌላ ሰው ቀልድ ይሆናል። እሷ ግን ሐሙስ ቀን አለባት። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ እናቷ በቀረው ዓይናቸው ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ነው፤ ዶክተሩም ሳይሸፋፍን፣ "ከዚያ በኋላ ያያሉ ብዬ ቃል አልገባም" ብሏል። የሰርጉ ዕለት እዚሁ አልጋ ላይ ተኝተው ነበር። "እኔን ብላችሁ ቀኑን ብታዛውሩ ዓይኔን ብቻ ሳይሆን ጆሮዬንም እዘጋባችኋለሁ" ብለው ሰርጉን ያስደገሱት ራሳቸው ናቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ወደ ቢላዋው ሳልገባ ልጄን በቬሎ አሳዩኝ።

ሙሽራዋ ዲስኮቹን ሰብስባ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተሩ ደረሰው። ደረሰው ማለት፣ ሌላ ሰው ስላልፈለገው ነው። በዚያ ጣቢያ ከበድ ያለ ወንጀል የሚሰጠው ስልጠና ደርሰው ለመጡት፣ ሰርተፍኬታቸውን እንደ ልጅ ፎቶ ግድግዳ ላይ ለሰቀሉት ነው። የጠፋ ብስክሌት፣ የተሰበረ መስኮት፣ የተሰደበች ጎረቤት ለእሱ። ወንበሩ እንኳ ሌላው የጣለው ነው፤ ወደ ግራ ካጋደሉ ይጥላል፣ እሱም በዓመታት ውስጥ ወደ ቀኝ አጋድሎ መኖርን ለምዷል። ማዕረግ ሲታደል ስሙ ሁልጊዜ "በሚቀጥለው" ነው።

"ስማ፣ አንተ ሰውዬ" አለው አዛዡ። ስሙን ያውቀዋል፤ መጥራት ግን አይወድም። "ሙሽራው የወንድሜ ልጅ ነው። የቤተሰብ ነገር ስለሆነ ሳይጯጯህ ይለቅ። ፎቶ አንሺው ነው ያበላሸው፤ ዝርክርክ ሰው ነው። ጠርተህ አስፈራራውና ዝጋው።"

"እርስዎ ሰርጉ ላይ ፎቶ አንሺውን አይተውታል ጌታዬ?"

"የት አይቼ? ወገቤን ይዞኝ አልጋ ላይ አልነበርኩም እንዴ?" አዛዡ ወገቡን ደገፍ አደረገ። "በል ሂድ፣ በሩን ዝጋው።"

ኢንስፔክተሩ በሩን ዘጋ። ያንን የወገብ ሕመም እንዴት አድርጎ ይርሳው? የበላይ አለቆች ለጉብኝት የመጡ ቀን አዛዡ ታምሜያለሁ ብሎ ቀርቶ፣ በእሱ ቦታ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ስለ ቆሻሻው ኮሪደር፣ ስለተሰነጠቀው በር፣ ስለ ሁሉም ነገር ስድብ የጠጣው እሱ ነው። አፍንጫው ቆዳ እስኪለውጥ ነው የቆመው።

ወደ ፎቶ ቤቱ የሄደው ከሳጅኗ ጋር ነው። ሳጅኗ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከሌላ ጣቢያ ተዛውራ ከመጣች ብዙም አልቆየች፣ ስለዚህ ገና ሰው አልናቀችም። ላፕቶፗን በብብቷ ይዛለች።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ድቡልቡል ሰው ነው። ካሜራ ሳይነካ እንኳ ባወራ ቁጥር ዓይኑን ስለሚያርገበግብ ሰፈርተኛው ፍላሽ ብሎ ይጠራዋል። ከኋላው የተሳለ ፏፏቴ አለ፤ ከፏፏቴው ሥር የሕፃናት መታቀፊያ ወንበር።

"እኔ ጥፋት የለብኝም ጋሼ" አለ ፍላሽ። "አምስቱንም በደንብ አቃጥዬ ነው የሰጠኋቸው።"

የኢንስፔክተሩ ብዕር ቆመ። "አቃጥለህ?"

"አንድ በአንድ። ቀስ ብዬ ነው የማቃጥለው፤ ከቸኮሉበት ይበላሻል።"

ኢንስፔክተሩ ወደ ሳጅኗ ዞረ። "ሰውዬው እየተናዘዘ ነው እንዴ?"

"በእንግሊዝኛው 'በርን' የሚሉትን ማለቱ ነው" አለች ሳጅኗ። "ፊልሙን ዲስኩ ላይ መጻፍ።"

"ታዲያ ጻፍኩ አይልም? ሰው ሊታሰር ነበር እኮ።"

ዲስኩን አሳዩት። ፍላሽ ገልብጦ በመብራት አየው። "ይሄ የኔ አይደለም።"

ሳጅኗ ዲስኩን ላፕቶፑ ውስጥ ከታ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረች። ዲስክ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ስሙን ያወጣል፤ የዚህኛው ስም በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አንዲት ቃል ነበረች።

"'የኔ' ይላል" አለችው።

"የኔ አይደለም እያልኩሽ።"

"እኔም 'የኔ' ይላል ነው ያልኩህ።"

"የማን?"

"የኔ።"

"ያንቺ ከሆነማ እኔን ለምን ትጨቀጭቂኛለሽ እህቴ?"

ኢንስፔክተሩ መሃል ገባ። ዲስኩ 'የኔ' የሚባል ስም እንደተሰጠው ለማስረዳት ሁለቱም ላብ አላባቸው። ሲገባው ፍላሽ ዓይኑን አርገበገበና ከመደርደሪያው የራሱን ዲስክ አወጣ። ሥሩ ሐምራዊ ነው፤ የዶሮው ዲስክ ሥር አረንጓዴ። የፍላሽ ዲስክ ሲገባ ስሙ የፎቶ ቤቱ ስም ነው።

"እዩ ጋሼ። የምጽፍበት ፕሮግራም ውስጥ አንድ ገጽ አለ። ዲስኩ ማን ይባል፣ በምን ፍጥነት ይጻፍ፣ ሲያልቅ ይትፋው ወይስ አፉ ውስጥ ይያዘው፣ ይሄን ሁሉ አንድ ጊዜ ይነግሩታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አይጠይቅም፤ ዕድሜ ልኩን እሱኑ ያደርጋል። ዲፎልት ይባላል። እኔ ስሙን የፎቶ ቤቴን አድርጌ ከሞላሁት ቆየሁ፤ ከዚህ ቤት የወጣ ዲስክ ሁሉ ይሄ ስም አለበት።"

"እንደኛ ጣቢያ ነዋ" አለ ኢንስፔክተሩ። "አንዴ የተባለውን ሳይጠይቁ ዕድሜ ልክ ማድረግ።"

"እንደዚያ ይበሉት።"

"ግን ለአንድ ሰርግ ስሙን ብትቀይረውስ? 'የኔ' ብለህ። ሙሽራዋን ለጋብቻ ጠይቀሃት ነበር አሉ።"

ፍላሽ ዓይኑን እንደ ዝናብ መጥረጊያ አፈጠነው። "ድሮ ነው ጋሼ። እምቢ አለችኝ። እምቢ ብላ ደግሞ ጓደኛዋን አስተዋወቀችኝ፤ አሁን ሚስቴ ናት።"

"ሚስትህ ታውቃለች?"

"ለሰው ሁሉ የምታወራው እሷ አይደለች? ለእናንተም የነገረቻችሁ እሷ ናት።"

እውነቱን ነው፤ የነገረቻቸው እሷ ናት፣ መንገድ ላይ፣ ሳይጠይቋት፣ እየሳቀች።

"ደህና። ዋናው ፊልም ኮምፒውተርህ ላይ አለ አይደል? ሌላ ዲስክ ጻፍላቸውና ሁላችንም ወደ ቤታችን እንግባ።"

የፍላሽ ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። "የለም። ማሽኔ አሮጌ ናት፣ ቦታ የላትም። 'ጽፈሽ ስትጨርሺ የሥራውን ፋይል ጥረጊ' ብዬ አስተካክያታለሁ። እሱም ዲፎልት ነው። በካሜራው ካርድ ደግሞ ሌላ ሰርግ ቀርጬበታለሁ።"

"ስለዚህ በዓለም ላይ ያሉት እነዚያ አምስት ዲስኮች ብቻ ናቸው?"

"ብቻ። እማማ ሐሙስ ነው አይደል የሚገቡት?" አለ ፍላሽ።

የሙሽሮቹ ቤት ገና የቀለም ሽታ አለቀቀውም። ሙሽራው ጆሮው ሰፋፊ፣ ትሁት መምህር ነው፤ ሲጠየቅ እንደ ተማሪ እጁን ሊያወጣ ምንም አይቀረው። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ታወራለች፣ ምላሷ ግን ከመርፌው ይሰላል።

ዲስኮቹ እሑድ መጡ። በፌስታል ሆነው በሩ አጠገብ ጫማ መደርደሪያው ላይ አደሩ። ሰኞ ጠዋት ሙሽራዋ ወደ ሆስፒታል ይዛቸው ሄደች። እያንዳንዱ ዲስክ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ባለበት ወረቀት ነው የተጠቀለለው፤ ወረቀቱ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ውስጡ ነው።

"እሑድ ማን ማን መጣ?" ጠየቀ ኢንስፔክተሩ።

"ጎረቤቶች የተዋስነውን ወንበር ሊወስዱ" አለ ሙሽራው። "አክስቴ። ከዚያ አጎቴ፣ አለቃዎት ማለቴ ነው፣ ሊጠይቀን። በቃ።"

"ሰርጉ ላይ አጎትህ ነበሩ?"

ሙሽራው ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ ምንም የለም። "አጎቴ? አጎቴ ታሞ ነበር። ወገቡን።"

እህቱ አሳላት።

"ሰርጉ የትኛው ቅዳሜ ነበር?"

ነገሩት። ኢንስፔክተሩ አፍንጫውን ዳሰሰ፤ አለቆቹ ለጉብኝት የመጡበት ቅዳሜ ነው፣ እሱ እንደ ሥጋ የተጠበሰበት። ልክ ነው፣ አዛዡ ያን ቀን ታሞ ነበር። ጻፈና ወደ እህትየው ዞረ።

"አንቺ ቪዲዮውን አልወደድሽውም አሉ።"

"ማን ይወደዋል? አፌ ሙሉ ኬክ ሆኖ ነው የቀረጸኝ። 'እንኳን ደስ አላችሁ' በይ ይለኛል ፍላሽ ተብዬው፤ ስል ክሬሙ ካሜራው ላይ ተረጨ።"

"ሌሊቱንም እዚህ ነው ያደርሽው።"

"እና እኔ ነኝ የሰረቅኩት?" መርፌውን ከአፏ አወጣች። "ጋሼ፣ እኔ ላጠፋው ብፈልግ መቀሴን አንስቼ እንደ ጨርቅ እቆራርጠዋለሁ። ዶሮ ፍለጋ ምን ያደክመኛል? ኮምፒውተር ማብራት እንኳ አልችልም፤ ወንድሜን ጠይቁት።"

"አትችልም" አለ ሙሽራው፣ በዚህኛው ጣሪያውን ሳያይ።

ሲወጡ ሳጅኗ፣ "'የኔ' ብሎ የሚጽፍ የተቃጠለ ፍቅረኛ ነው ብዬ ነበር" አለች።

"እኔ ደግሞ ወንድሟን ለሚስት መስጠት ያቃጠላት እህት ብዬ ነበር። ሁለታችንም ተቃጠልን።"

ማክሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተሩ የደረሰበትን ለአዛዡ አቀረበ። የዲስኩን ስም ግን ዘለለው። ልማዱ ነው። ስንት ጥሩ ሐሳብ ይዞ ገብቶ፣ በወሩ ያው ሐሳብ በአዛዡ አፍ በስብሰባ ላይ ሲነገር ሰምቷል፤ ከዚያ ወዲህ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚሰጠው።

"አስፈራራው አላልኩህም እንዴ ፎቶ አንሺውን?"

"ዋናው ፊልም ተጠርጓል ጌታዬ። ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚጠርገው።"

አዛዡ የያዘውን ስኒ አስቀመጠ። "ምን ማለት ነው ተጠርጓል? ፎቶ ቤት ሁሌም ያስቀምጣል። ሲጠየቅ ደግሞ ይጽፋል።"

"ይሄኛው አያስቀምጥም።"

"እና የልጅቷ እናት ሐሙስ ነው…"

"እኩለ ቀን ላይ።"

አዛዡ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆየ። ኢንስፔክተሩ ዝምታውን ለመሙላት ስለ ዶሮው ፊልም ማውራት ያዘ፤ ጫጩቶቹ ከአምፖል ሥር ተኮልኩለው ሲሞቁ፣ ምናልባት ሳምንት ያህል።

"ላባ እስኪያወጡ ነው እንጂ" አለ አዛዡ ፊቱን ሳያዞር። "ሳምንት ብቻ ከሞቁ ያልቃሉ።"

"እንዴት አወቁ ጌታዬ?"

"ማን የማያውቅ አለ? ሂድ አሁን።"

ኢንስፔክተሩ ወጣ። እሱ ራሱ አያውቅም ነበር። በኮሪደሩ ያገኛቸውን ጠየቀ፤ በረኛውም፣ ባለ ሰርተፍኬቶቹም አያውቁም። ከእነሱ አንዱማ ጫጩት የሚሞቀው እናቱ ሥር ነው ብሎ ሊከራከረው ፈለገ።

ረቡዕ ዕለት ሳጅኗ በስልኳ የቀዳችውን የፍላሽን ቃል ለፋይሉ በዲስክ እንዲገለበጥ አደረገች። ዲስክ የሚጽፈው ኮምፒውተር በጣቢያው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አዛዡ ቢሮ ውስጥ፣ የቡና ማፍያው አጠገብ። ዲስኩን አምጥታ ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት። እሱም የመጣለትን ነገር ሁሉ ስለማያምን ላፕቶፗ ላይ ከተተው።

"የዶሮውን ዲስክ ነው መልሰሽ ያመጣሽልኝ።"

"አይደለም። አሁን ነው የወጣው። ይንኩት፣ ትኩስ ነው።"

ነካው። ትኩስ ነው። ገለበጠው። ሥሩ አረንጓዴ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ስምም ያው በፈረንጅ ፊደል የተጻፈው ቃል ነው፦ የኔ።

ወንበሩ ወደ ግራ አጋደለና ኢንስፔክተሩን ሊጥለው ነበር።

"አንቺ ነሽ እንዲህ ብለሽ የሰየምሽው?"

"እኔ ስም የሚባል ነገር አልነካሁም። ጻፍ አልኩት፣ ጻፈ።"

ሳጅኗ ኮምፒውተሮቹን ለሚያስተካክለው ቴክኒሻን ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"የአዛዡ ማሽን?" አለ ቴክኒሻኑ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። "አስታውሳለሁ እንጂ። የዲስክ ፕሮግራሙን ስጭን ቋሚ ስም ይጠይቃል። 'የማን ልበለው ጌታዬ?' አልኳቸው። ስልክ እያወሩ ነበር፤ 'የኔ!' አሉኝ በቁጣ። ያው እሳቸው ጋ ሁሉም ነገር የኔ ነው፤ ወንበሩ የኔ፣ ማፍያው የኔ፣ ጥላው የኔ። ልከራከር? 'የኔ' ብዬ ጻፍኩላቸው።"

"ከዚያ በኋላ የቀየረው የለም?"

"ማን ይቀይረዋል? እዚያ ገጽ ድረስ የሚገባ ሰው እኮ የለም።"

ሳጅኗ ስልኩን ዘጋች። "ክፍሉ ሲቆለፍ ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። እኔንም ስጽፍ ቆመው ነው የጠበቁኝ።"

"ምን ሊያደርግለት? ሰውዬው ሰርጉ ላይ እንኳ አልነበረም።" አለና ኢንስፔክተሩ ራሱ ያለውን ሰማ። ኮቱን አነሳ።

እህትየው ሱቋ ውስጥ የሱሪ ጠርዝ ትሰፋለች። ኢንስፔክተሩ ስለ ዲስኩ አልጠየቃትም። ወገቡን ይዞ፣ እያቃሰተ ተቀመጠ።

"ምነው ጋሼ?"

"ወገቤ ነው። እንደ አጎትሽ ሊያደርገኝ ነው መሰለኝ። እሳቸውስ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ነበር አሉ።"

"አጎቴ?" እግሯ ከማሽኑ ላይ ተነሳ። "ያ እንደ ፌንጣ የዘለለው? የሙዚቃ ባንዱን እኮ ያደከመው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ጃኬቱን አውልቆ አክስቴን ተሸክሟት…" እዚህ ላይ ቆመች። መርፌውን ከአፏ አወጣች፤ መልሳ ከተተችው።

"ቀጥይ" አላት።

"ወንድሜ እንዳትናገሩ ብሎን ነበር። አጎቴ ሥራ ቦታ ታምሜያለሁ ብሎ ነው የመጣው፤ አለቆቹ ካወቁ ጉድ ይፈላብኛል ብሎ። እኛ ይሄን እንጂ ሌላ አናውቅም። በልጆቼ።"

"ልጆች የሉሽም።"

"በሚወለዱት።"

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ሳያንኳኳ ገባ። ሁለቱን አረንጓዴ ዲስኮች ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ የዶሮውንና የፍላሽን ቃል።

"ይሄ ምንድን ነው፣ አንተ ሰውዬ?"

"ሁለቱም ስማቸው 'የኔ' ይባላል። ሁለቱም የተጻፉት እዚያ ማሽን ላይ ነው። ቴክኒሻኑ የማን ልበለው ሲልዎት የመለሱለት ቃል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ክፍል የወጣ ዲስክ ሁሉ እርስዎን ይጠራል።"

አዛዡ ማሽኑን እንደ ከዳው ሰው አየው።

"እሑድ የወንድምዎ ልጅ ቤት ሄደው ዲስኮቹን ለወጡ" አለ ኢንስፔክተሩ። "ባዶ ቢያደርጓቸው ስርቆት ይመስላል፤ ሌላ ፊልም ካለባቸው ግን የፎቶ ቤቱ ስሕተት ይባላል። ቀርቦ የተገኘው የዶሮው ነው። ሰርጉ ላይ እንደ ፌንጣ ሲዘሉ ተቀርጸዋል፤ ዲስኩ ደግሞ ለዘመድ ሁሉ ሊታደል ነው። ከዘመዱ አንዱ ለአለቆቹ ቢያሳይስ?"

"ማን ነገረህ?"

"ጫጩቶቹ።"

አዛዡ ተቀመጠ፤ ወገቡ ምንም አላለም። "ጡረታዬ ደርሷል" አለ በዝቅታ። "ዶሮ ላረባ ነው የማስበው። እዚህ መጨረሻ ላይ ተዋርጄ ልወጣ? ሌላ ኮፒ ያስጽፋሉ ብዬ ነው። ነገሩ ሲበርድ። ፎቶ ቤት ያስቀምጣል ብዬ።"

"ማክሰኞ እንደማያስቀምጥ ነገርኩዎት። ዛሬ ሐሙስ ነው።"

አዛዡ ስኒውን ወደ ጎን ገፋ።

ኢንስፔክተሩ ለዚህች ሰዓት ንግግር ነበረው። ዓመታት ያጠናው፣ ፊቱን ሲታጠብ የሚለማመደው ንግግር፤ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ተሰረቀው ሐሳብ፣ ስለዚያ "አንተ ሰውዬ" ስለሚባል ስም። አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ላይ ወደቀና ንግግሩን ሁሉ ተወው።

"ዲስኮቹ የት ናቸው?"

"ሰባበርኳቸው።"

"አምስቱንም?"

አዛዡ ጠረጴዛውን አየ። "አራቱን።"

"አምስተኛውስ?"

መሳቢያውን ከፈተ። ከማኅተሞቹ ሥር፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ሐምራዊ ዲስክ አወጣ። "ልሰብረው ነበር" አለ። "ከመስበሬ በፊት አንዴ ልየው ብዬ አየሁት። ከዚያ ደግሜ አየሁት። እኔ እኮ እንደዚያ ስጨፍር ራሴን አይቼ አላውቅም። ሰው እንደዚያ ሲስቅልኝም አላውቅም።"

ይህን ያለው ሰውዬ አዛዡ መሆኑን ኢንስፔክተሩ ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ዲስኩን ተቀበለው።

"መኪናዎን ያስነሱ።"

"እኔ?"

"የኔ የምለው መኪና የለኝም። እርስዎ ነዎት ያለዎት።"

ሲወርዱ አዛዡ ደረጃው ላይ ቆም አለ። "ሪፖርቱስ?"

"ከሰዓት በኋላ እጽፈዋለሁ። የሆነውን።"

"ለበላዮቹ ትልከዋለህ?"

"ለማን ልላከው ታዲያ? ለዶሮዎቹ?"

በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተጎታች አልጋው በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ሙሽራዋ ኢንስፔክተሩን ስታይ ፊቱን ነው ያየችው፤ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ ዲስኩን። ማጫወቻውን ከኮሞዲኖው ላይ አነሳች። አዛዡ መለዮውን በብብቱ ይዞ ከኋላ ቆመ፤ ወንበር የሰጠው አልነበረም።

"መጡ እንዴ የዶሮዎቹ ልጆች?" አሉ እናትየው።

"ዛሬ ሰዎቹ ናቸው የመጡት እናቴ" አለ ኢንስፔክተሩ።

ማሽኑ አጉረመረመ። ሙዚቃ። የአዳራሽ በር ተከፈተና ሙሽራዋ በቬሎ ገባች። እናትየው ስክሪኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አፍንጫቸው ሊነካው ምንም አልቀረው። ሙሽራዋ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ቆማለች። በበሩ በኩል ያለው ሕመምተኛ "ምን ይታያል? ምን ይታያል?" ሲል ነርሷ ዝም አሰኘችው።

"ቬሎው ከትከሻው ሰፍቷል" አሉ በመጨረሻ እናትየው፣ ድምፃቸው ረጥቦ። "ብኖር አስጠብበው ነበር። ግን አምሮብሻል። ይኸው አየሁሽ።"

ተጎታቹን አልጋ የሚገፉት ሠራተኞች ገቡ። "እናቴ፣ ሰዓት ደርሷል። ዶክተሩ ታጥቦ እየጠበቀ ነው።"

እናትየው እጃቸውን አነሱ። ስክሪኑ ላይ አንድ ወፍራም ሰው ጃኬቱን ወደ ጣሪያ ወርውሮ፣ ከባንዱ ፊት ተንደርድሮ፣ አንዲት ሴት ትከሻው ላይ አውጥቶ መሽከርከር ጀምሯል። ሴትዮዋ በቦርሳዋ ራሱን ትቀጠቅጠዋለች። ከሠራተኞቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና ብሎ በሩ አጠገብ የቆመውን አዛዥ አየ፤ ደግሞ ስክሪኑን አየ።

"ትንሽ ታገሱኝ" አሉ እናትየው ከሳቃቸው የተነሳ እንባቸውን እየጠረጉ። "ይሄ ሰውዬ ሴትዮዋን ያውርዳት፣ ከዚያ ውሰዱኝ።"